ቁም ሣጥንና መገጣጠሚያዎቹ በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለእንጨት ሥራ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር



በጨርጨር ከተሞች አዲስ ጎጆ ሲወጣ ከአልጋ ቀጥሎ የሚታሰበው ዕቃ ቁም ሣጥን ነው። ወንበር ከጎረቤት ይዋሳል፤ ጠረጴዛም ለጊዜው በሌላ ነገር ይተካል፤ ልብስ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መግቢያ ይፈልጋል። ለዚህ ዕቃ የሚከፈለው ገንዘብ ቡናው ወይም ጫቱ ሲሸጥ ጥቂት በጥቂት የተቆጠበ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚወጣም አይደለም። ስለዚህ በሩ በመጀመሪያው ክረምት አብጦ አልዘጋ ሲል፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ማጠፊያው ተነቅሎ ሲንጠለጠል የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም። ደንበኛው ወደ ሠሪው ተመልሶ አይጨቃጨቅ ይሆናል፤ ነገር ግን እኅቱ ስታገባ ትእዛዙን ለሌላ ይሰጣል፤ ወይም ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣውን ይገዛል።

የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ያለው ጉድለት ከምን እንደሚመጣ መመርመርና የሚታረምበትን መንገድ ማመልከት ነው። ጉድለቱ በአብዛኛው ከሠሪው ስንፍናም ሆነ ከእንጨቱ ክፋት የሚመነጭ አይደለም። የሚመነጨው ልኩ ከተሳሳተ ጫፍ በመጀመሩ ነው። ዛሬ ደንበኛው በእጅ ስልኩ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣል፤ ሠሪውም ፎቶግራፉን ተመልክቶ ቺፑዱን ወይም ኤምዲኤፉን ትርፍራፊ በማይወጣበት ልክ ይቆርጣል፤ ማጠፊያውንና ቪቴውን ደግሞ በመጨረሻ ከተረፈው ገንዘብ ይገዛል። መሆን የሚገባው የዚህ ተቃራኒ ነው። ልኩ ከልብሱ ተነሥቶ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ አየሩ፣ ከአየሩም ወደ በሩ ክብደት መሄድ አለበት፤ መገጣጠሚያውም የሚመረጠው ጣውላው ሳይቆረጥ በፊት ነው።

ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በመካከሏ ስለሚያልፍ መኪና አያጣትም፤ ቢሆንም የእንጨት ሥራ መገጣጠሚያ በብዛት የሚመጣላት ከመርካቶ ወይም ከድሬዳዋ ነጋዴዎች ነው። በዴሳና ገለምሶ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ገባ ያሉ ናቸው። አንድ ማጠፊያ ተሰብሮ ተመሳሳዩ በከተማው ካልተገኘ በሩ ለሳምንታት ተንጠልጥሎ ይቆያል። በመሆኑም የዚህ አገር ሠሪ መገጣጠሚያ ሲመርጥ ከውበቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ምትኩ የት እንደሚገኝ ነው። ተመሳሳዩ ከአንድ ሱቅ በላይ የማይገኝ ዕቃ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለጭሮ ቤት አይሆንም።

በመጀመሪያ ስለ ልብሱ። ከውጭ አገር ካታሎግ የሚቀዳው ቁም ሣጥን ሰፊ ማንጠልጠያና ጥቂት መደርደሪያ አለው፤ የተነደፈው ኮትና ካፖርት ለሚያንጠለጥል ሰው ነውና። የምዕራብ ሐረርጌ ቤተሰብ ልብስ ግን አብዛኛው የሚታጠፍ ነው። ሽርጡ፣ ድሪያው፣ ሻሹ፣ ነጠላውና ጋቢው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣው አንሶላና ብርድ ልብስ ሁሉ መደርደሪያ ይፈልጋል። የሚንጠለጠለው ኮት፣ ሸሚዝ፣ የተማሪ ዩኒፎርምና የክት ቀሚስ ነው። ስለዚህ ትእዛዝ የሚቀበል ባለሙያ «ባለ ስንት በር ይሁን?» ከማለቱ በፊት «የሚታጠፈው ስንት ነው? የሚንጠለጠለውስ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን ጥያቄ በትክክል የምትመልሰው ዋጋ ለመከራከር የመጣው ባል ሳይሆን ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት። እርሷ ያልተጠየቀችበት ቁም ሣጥን ከገባ በኋላ ብርድ ልብሱ ከላይ ተቆልሎ፣ ማንጠልጠያው ግማሹ ባዶ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው።

ልኮቹ እነዚህ ናቸው። የአዋቂ ሰው የልብስ ማንጠልጠያ ስፋቱ ከ42 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የኮት ትከሻና እጅጌ ሲጨመርበት 55 ሳንቲ ሜትር የውስጥ ጥልቀት ያስፈልጋል። ከዚህ ያነሰ ከሆነ በሩ እጅጌ ይነክሳል። አጭር ልብስ ከመስቀያው በታች 100 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅም ቀሚስ ከ150 እስከ 160 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። መስቀያው ከወለሉ ከ180 ወይም ከ190 ሳንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ለብዙ ሴቶች እጅ አይደርስም። ለታጠፈ ሸሚዝ በሁለት መደርደሪያዎች መካከል ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ለጋቢና ለብርድ ልብስ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ለመስቀያው የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ ከስሱ አብረቅራቂ ቱቦ የበለጠ ያገለግላል፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ካለፈ ግን መካከሉ ላይ ደጋፊ ሊደረግለት ይገባል።

ስለ መደርደሪያ ርዝመት ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ በየቤቱ ሆዱ ረግቦ የሚታየው መደርደሪያ ብዙ ነውና። በየሜትሩ ያለው ጭነት እኩል ሆኖ የመደርደሪያው ርዝመት በእጥፍ ቢጨምር መጉበጡ የሚጨምረው በእጥፍ አይደለም፤ በ16 እጥፍ ነው። ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ መጉበጡ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ይህ ማለት 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆየው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ በ90 ሳንቲ ሜትር ላይ አምስት እጥፍ ያህል ይረግባል ማለት ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው መካከለኛ ክፍልፋይ አስገብቶ ርዝመቱን በ60 ሳንቲ ሜትር መወሰን ነው። ሁለተኛው፣ ርዝመቱ የግድ እስከ 80 ከሆነ፣ በመደርደሪያው የፊት ጠርዝ ሥር 4 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የደረቅ እንጨት ዘንግ በኮላና በቪቴ አቁሞ ማሠር ነው። ከአንድ ሞራሌ ሦስትና አራት እንዲህ ያለ ዘንግ ይወጣል፤ ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከልብሱ ቀጥሎ ቤቱ ይለካል። በሐረር ጀጎል ጥንታዊ ቤቶች ዕቃ የሚቀመጠው በወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ተቦርቡረው በተሠሩ መደርደሪያዎች ነበር፤ ግንበኛውና ባለቤቱ ቤቱ ሲሠራ አስቀድመው የተስማሙበት ቦታ ስለሆነ የሚወድቅም የሚያዘምም ነገር የለም። የጭሮ የጭቃ ግድግዳ እንዲህ ያለውን ውፍረት አይሰጥም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳም በብዙ ቤት አይገኝም። ቱንቢ ሲጣልበት ከላይ እስከ ታች 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ያዘመመ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሊገባ የታሰበ ቁም ሣጥን በጠባቡ ልክ ተሠርቶ፣ በሁለቱም ወገን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መሙያ ጣውላ የግድግዳውን ቅርጽ ተከትሎ ተልጎ ሊገባበት ይገባል። ወለሉንም በውሃ ልክ ሳይፈትሹ ሣጥኑን ማቆም ትልቅ ስሕተት ነው። ሣጥኑ ሲጣመም በሮቹ ይጣመማሉ፤ ሠሪውም ጥፋቱን በማጠፊያው ላይ ያሳብባል።

የኮርኒሱ ከፍታ ብዙ ባለሙያ ያሳፈረ ነገር ነው። ቁመቱ 240፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሣጥን ተኝቶ ገብቶ ሲነሣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርዝመት 247 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ኮርኒሱ በ245 ላይ ከሆነ ሣጥኑ ቆሞ የሚበቃ ቢሆንም አይነሣም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መጋዝ ነው፤ እርሱም በደንበኛው ፊት። የሚሻለው መቆሚያውን ለብቻ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ሣጥኑን ለብቻ 225 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መሥራት ነው። እንዲህ ያለው ሣጥን ሲነሣ 233 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ በመቆሚያው ላይ ይቀመጣል። ለብቻ የሚሠራው መቆሚያ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወለል ሲታጠብ ውሃው የቺፑዱን ጠርዝ አያገኘውም። ቺፑድም ኤምዲኤፍም አንድ ጊዜ ውሃ ጠጥተው ካበጡ ወደ ቀድሞ ውፍረታቸው አይመለሱም። ምስጥ በሚበዛበት በሚኤሶና በአሰቦት ቆላ ደግሞ መቆሚያው የብረት እግር ቢሆን ይመረጣል።

የገበያው ሰሌዳ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከአንዱ ሰሌዳ ሁለት ጎን ያወጣል፤ መጋዙ የሚበላው 3 ሚሊ ሜትር ታስቦም ይበቃል። 62 ሳንቲ ሜትር ያለ ደንበኛ አንድ ሙሉ ሰሌዳ እንደሚያስከፍለው ሊነገረው ይገባል። የሣጥኑን ቀጥተኛነት ለማረጋገጥ ትልቅ ስኳድራ አያስፈልግም፤ ሁለቱን ሰያፍ መለካት ይበቃል። ስፋቱ 180፣ ቁመቱ 240 የሆነ ሣጥን ሰያፉ በሁለቱም ወገን ልክ 300 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። አንዱ 300፣ ሌላው 301 ከሆነ የጀርባው ኮምፔንሳቶ ከመመታቱ በፊት መታረም ይኖርበታል፤ ከተመታ በኋላ የሚያርመው የለም።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ፤ የዚህ አገር ሥራ ከአዲስ አበባው የሚለየው በተለይ በዚህ ነውና። ከሚኤሶ ቆላ እስከ ቁኒ ደጋ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የአየሩ ልዩነት ግን ከአንድ አውራጃ የሚጠበቅ አይደለም። በጭሮ በክረምት ጉም መካከል የተሠራ በር ሚኤሶ ሲደርስ ይደርቃል፤ በሚኤሶ ሐሩር የደረቀ ጣውላም ሂርና ወጥቶ ክረምት ሲያገኘው ያብጣል። በዚያው በአንድ ቤት እንኳ በነሐሴ አልዘጋ ያለው በር በጥር ክፍተቱ ጣት ያስገባል። መካከለኛ ጠባይ ያለው እንጨት በውስጡ ያለው ርጥበት በ4 ከመቶ ሲቀንስ ከስፋቱ 1 ከመቶ ያህል ይሸሻል። ይኸውም 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጣውላ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ጣውላዎች ተጋጥመው በር ቢሆኑ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በሁለት በሮች መካከል የሚተወው ክፍተት ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ርዝመቱ ግን የሚንቀሳቀሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከቁጥር አይገባም።

ይህን ዐውቀው የቀድሞ አናጢዎች በር በክፈፍና በመሐል ጣውላ ይሠሩ ነበር፤ መሐለኛው ጣውላ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይቀመጥና በየወገኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መፈናፈኛ ይተውለት ነበር። ዛሬ አንዳንድ ወጣት ባለሙያዎች «እንዳይንቀጠቀጥ» ብለው ያንኑ ጣውላ በኮላ ያስሩታል። የታሠረው ጣውላ በመጀመሪያው በጋ መሐሉን ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ድምፁ ሌሊት ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል። ቦዩ ውስጥ ያለ ኮላ የቀረው ጣውላ ግን ከዓመት ዓመት እየሸሸና እየተመለሰ ይኖራል።

የጣውላውን መድረቅ በመዳፍ ዳስሶ መፍረድም አይበቃም። ማንኛውም አነስተኛ ወርክሾፕ በወርቅ ሠሪ ወይም በቅመም ነጋዴ ሚዛን ሊፈትነው ይችላል። ከጣውላው መካከል አንድ ቁራጭ ይወሰድና ይመዘናል፤ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ሳይከስል በምድጃ ሙቀት ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ ለደረቁ ክብደት ተካፍሎ በመቶ ይባዛል። 230 ግራም የነበረው ቁራጭ 200 ግራም ላይ ከቆመ ጣውላው 15 ከመቶ ርጥበት ነበረው ማለት ነው። ይህ ለቤት ውስጥ ዕቃ ከፍ ያለ ስለሆነ በክዳን ሥር፣ በመካከሉ አየር እያለፈ፣ ጥቂት ሳምንታት መቆየት ያስፈልገዋል። ባሕር ዛፍ በተለይ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ለመቆሚያና ለተሰወሩ ዘንጎች ካልሆነ በቀር ለበር ክፈፍ ባይመረጥ ይሻላል። ዋንዛ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለበት ምክንያት በጨርጨር ተራሮች ላይ ሁሉም የሚያየው ነው። ባለሙያው ዋንዛ ሲገዛ ከየት እንደመጣ መጠየቁ የሕግ ብቻ ሳይሆን የሙያው ጉዳይ ነው። ጥቂቱ ዋንዛ ለበር ክፈፍ ቢውልና የቀረው ሣጥን ከቺፑድ ወይም ከኮምፔንሳቶ ቢሠራ ዕቃውም ዛፉም ይጠቀማሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማጠፊያ ነው። በዛሬው ገበያ የበዛው በበሩ ውፍረት ውስጥ በ35 ሚሊ ሜትር ክብ ጉድጓድ የሚቀበረው ስውር ማጠፊያ ነው። ጠቀሜታው በሦስት አቅጣጫ መስተካከሉ ነው፤ ወደ ጎን፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ፣ ወደ ላይና ወደ ታች። ድክመቱ ደግሞ ከቺፑድ ጋር የሚይዙት ቪቴዎች አጫጭር መሆናቸው ነው። ስለዚህ ብዛቱ በዓይን ሳይሆን በክብደት መወሰን አለበት። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ በካሬ ሜትር 13 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል። ስፋቱ 50፣ ቁመቱ 200 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር አንድ ካሬ ሜትር ስለሆነ ክብደቱ ያው 13 ኪሎ ግራም ተኩል ነው፤ ለእርሱም አራት ማጠፊያ ያስፈልገዋል። በዚህ በር ላይ 40 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስተዋት ሲለጠፍ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይጨምራል፤ አምስተኛ ማጠፊያ የግድ ይሆናል። በየከተማው የሚታየው ግን መስተዋት የተሸከመ የሁለት ሜትር በር በሦስት ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ነው። አንድ ማጠፊያ በመቆጠብ የተገኘው ትርፍ በሩ ተነቅሎ መስተዋቱ ሲሰበር ከሚከፈለው ጋር አይወዳደርም፤ ሥሩ ሕፃን ቆሞ ከሆነማ ነገሩ የገንዘብ አይደለም።

ቁመቱ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ በር ሁለት፣ እስከ 160 ሦስት፣ እስከ 200 አራት፣ እስከ 240 አምስት ማጠፊያ የተለመደው ልክ ነው። የበሩ ስፋት ከ60 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል፤ በሩ በሰፋ መጠን የላይኛው ማጠፊያ ቪቴ ወደ ውጭ ይሳባልና። የላይኛውና የታችኛው ማጠፊያ ከበሩ ጫፎች 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ሲቀመጡ መሳቡ ይቀንሳል፤ ተቀራርበው ወደ መሐል ሲገቡ ይበረታል። የክቡ ጉድጓድ ጥልቀት 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ነው። በ18 ሚሊ ሜትር በር ላይ የሚተርፈው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ መገደቢያ በሌለው ትራፓኖ የሚበሳ ሰው አንድ ቀን በሩን አሳልፎ ይበሳዋል።

በግዢ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ደግሞ የማጠፊያው ክንድ ቅርጽ ነው። ቀጥ ያለው ክንድ በሩ የሣጥኑን ጎን ሙሉ በሙሉ ለሚሸፍንበት ነው፤ ግማሽ ጎባጣው ሁለት በሮች አንድ መካከለኛ ክፍልፋይ ለሚካፈሉበት፣ ሙሉ ጎባጣው ደግሞ በሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ለሚዘጋበት ነው። አራት በር ያለው፣ መካከሉ በአንድ ክፍልፋይ የተከፈለ ቁም ሣጥን በየበሩ አራት ማጠፊያ ቢኖረው የሚገዛው 16 ቀጥ ያለ አይደለም፤ 8 ቀጥ ያለና 8 ግማሽ ጎባጣ ነው። ይህን ያልለየ ባለሙያ መካከለኛዎቹ በሮች ሲጋጩበት ጠርዛቸውን በመላጊያ ይልጋል፤ የተለጠፈው ጠርዝም አብሮ ይሄዳል።

ስለ ቪቴ ሲነሣ የሚሸሸግ ነገር የለም፤ ቪቴን በመዶሻ መትቶ በመጨረሻ አንድ ዙር በካቻቢቴ ማጥበቅ በብዙ ወርክሾፕ ያለ ልማድ ነው። በደረቅ እንጨት ላይ ይህ መጥፎ ልማድ ነው፤ በቺፑድ ላይ ግን ማፍረስ ነው። ቺፑድ በኮላ የተጣበቀ ፍቅፋቂ ስለሆነ በመዶሻ የገባው ቪቴ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ፈጭቶ ይገባል። ለባለ 4 ሚሊ ሜትር ቪቴ በ2.5 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ መንገድ ሊከፈትለት፣ በእጅም ሊጠብቅ ይገባል። ቀድሞ የፈረሰ ቀዳዳ ሲያጋጥም ክብሪት እንጨት መጠቅጠቅ ለአንድ ወር ነው። ቀዳዳው በ8 ወይም በ10 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ የደረቅ እንጨት ሽብልቅ በኮላ ሲመታበትና በማግሥቱ እንደገና ሲበሳ ከመጀመሪያው የበለጠ ይይዛል።

ስውሩን ማጠፊያ ሁልጊዜ መምረጥ ግን ግዴታ አይደለም። በሩ ከዋንዛ ወይም ከሌላ ደረቅ እንጨት ክፈፍ ያለው ከሆነ ተራው ባለ ሁለት ክንፍ ማጠፊያ በ30 ሚሊ ሜትር ቪቴ ታስሮ ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለግላል፤ በመቻራም ሆነ በዶባ ገበያ ምትኩ አይጠፋም። ለገጠር ቀበሌ የሚሄድ ዕቃ ሲታዘዝ ይህኛው ከስውሩ ይመረጣል። አሮጌ ነው ብሎ የሚንቀው ካለ የአያቶቹን ሣጥን ከፍቶ ይመልከት።

የመሳቢያ ነገር አጭር ነው። ባለ ኳስ የብረት ሐዲድ በየጎኑ 13 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ ስለዚህ መሳቢያው ከሚገባበት ክፍተት 26 ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት። 24 ከሆነ አይገባም፤ 30 ከሆነ ኳሶቹ ይፈሳሉ። ተንሸራታች በር ደግሞ አልጋውና ሣጥኑ ለተቀራረቡበት ጠባብ ክፍል ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ግን ሁለቱ በሮች የሚተላለፉበት 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ጥልቀት ይፈልጋል። የታችኛው ሐዲድም አቧራ ይሰበስባል። አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ ዳር ለሚኖር ደንበኛ በሩ ከላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድበት ዓይነት ካልተገኘ ተራው በር ይሻለዋል።

ቁልፍ በዚህ አገር ጌጥ አይደለም። የቦታ ካርታው፣ የጋብቻ ወረቀቱ፣ የሴቲቱ ወርቅና የሽያጩ ገንዘብ የሚቀመጡት በዚያው በቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ደንበኛውም ስለ ቁልፉ ጥንካሬ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ስለ ጀርባው ግን የሚጠይቅ የለም። በሚስማር የተመታ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ጀርባ ያለው ሣጥን ከግድግዳው ዞር ከተደረገ በአንድ ካቻቢቴ ይከፈታል። ጀርባው በጎኖቹ ቦይ ውስጥ ከገባና የሚቆለፈው ክፍል ብቻ በወፍራም ኮምፔንሳቶ በሁሉም ወገን ከታጠረ ወጪው ጥቂት ነው። የማይቆለፈው በርም ከላይና ከታች መወርወሪያ ከሌለው ቁልፉ የሚይዘው ነገር የለም፤ ሁለቱ በሮች አንድ ላይ ተስበው ይከፈታሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው መውደቅ ነው። ሁሉም በሮቹ የተከፈቱ፣ መሳቢያዎቹም የተሳቡ ቁም ሣጥን ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ሕፃን መሳቢያውን እንደ መሰላል ሲወጣበት ደግሞ ሚዛኑ ያበቃል። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕፃናት ከሞቱ በኋላ 29 ሚሊዮን ያህል የልብስ መሳቢያ ሣጥኖች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተጠርቷል፤ በ2022 መጨረሻም የልብስ ሣጥን መረጋጋትን የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። በጭሮ ቤት መድኃኒቱ ሁለት ቁራጭ የማዕዘን ብረት ነው። ሣጥኑ ከላይ በሁለት ቦታ ከግድግዳው ጋር ይታሰራል፤ ይሁን እንጂ ቪቴው ጭቃውን ይዞ ምንም አይጠቅምም። የግድግዳው ቋሚ እንጨት በመዶሻ ተኳኩቶ ተፈልጎ ማሠሪያው በእርሱ ላይ መዋል አለበት። ቋሚው በሚፈለገው ቦታ ካልተገኘ ከቋሚ እስከ ቋሚ አንድ ሞራሌ አግድም ይመታና ሣጥኑ በእርሱ ላይ ይታሰራል። ይህን ሥራ ደንበኛው ስለማይጠይቀው በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ መግባት አለበት፤ በኋላ የሚጠየቅ ትርፍ ክፍያ ከሆነ «ይቅር» ይባላል።

በመጨረሻ ስለ ርክክብ። ቁም ሣጥን በአይሱዙ ተጭኖ ተራራውን ከዞረ በኋላ ሲገባ የተስተካከለ በር አይገኝም፤ ስለዚህ የመጨረሻው የማጠፊያ ማስተካከያ የሚደረገው በወርክሾፑ ሳይሆን በደንበኛው ቤት፣ ሣጥኑ በውሃ ልክ ከቆመና ከታሰረ በኋላ ነው። ወቅቱ ሲለወጥም በሩ አንድ ጊዜ እንደገና መታየት ያስፈልገዋል። በክረምት የተሸጠውን በጥር፣ በበጋ የተሸጠውን በነሐሴ ለማየት አንድ ተለማማጅ ካቻቢቴ ይዞ ሩብ ሰዓት ቢያጠፋ ይበቃል። ከዚህም ጋር በበሩ ውስጥ ፊት ላይ ከላይኛው ማጠፊያ አጠገብ አንድ ትንሽ ወረቀት ይለጠፋል፤ በላዩም የማጠፊያው ዓይነትና የክንዱ ቅርጽ፣ የቪቴው ውፍረትና ርዝመት፣ የሐዲዱ ርዝመት፣ የተገዛበት ከተማና የተሠራበት ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ማጠፊያው ሲሰበር ለመጠገን የሚመጣው ባለሙያ የትኛውን ዕቃ ከድሬዳዋ እንደሚያስመጣ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።